የአንድ እግሬ ማቀዝቀዣ

«ይኸው ጀመራት» አሉ አቶ ወልደ ሰንበት፤ መሪውን ወደ ዳር ጠምዝዘው ፍሬን ያዙ።

ሀብትነሽ ከአባቷ ቀድማ አውቃዋለች። የዘይቱ ሽታ ከእግሯ ሥር፣ ከመኪናዋ ወለል ስንጥቅ ነው የሚመጣው። እንዳረረ ወጥ አፍንጫን ይዞ አይለቅም። ወርዳ ትንሽ አየር ብታገኝ ደስ ባላት ነበር፤ ግን በግራዋ አባቷ፣ በቀኟ ከደብረ ወርቅ የተሳፈሩት መሪጌታ ገብረ ሕይወት ተቀምጠዋል። ጉልበቷ ላይ ደግሞ በጆንያ የተጠቀለለው ዕቃ አለ። መሪጌታ ካልወረዱ እሷ አትወርድም፤ መሪጌታም የሚወርዱ አይመስሉም።

ከኋላ የተጫኑት ሰባት ሰዎች ግን ማንም ሳያዛቸው ዘለው ወርደው ከመንገዱ ዳር ካለው ግራር ጥላ ሥር ተቀመጡ። የቢቸናና የሞጣ መንገደኛ ይህን ለምዶታል።

መኪናዋ አሜሪካ ሠራሽ ፒካፕ ናት። የዓባይን ውሃ ሊለኩ የመጡ ፈረንጆች ሲነዷት ኖረው፣ ሥራቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ሲሄዱ ለሾፌራቸው ለአቶ ወልደ ሰንበት ሸጡላቸው። ፍሪሲዮን የላትም። ማርሿን ራሷ ትቀያይራለች፤ ሾፌሩ በቀኝ እግሩ ብቻ ነዳጅና ፍሬን እየረገጠ፣ ግራ እግሩን እንደ እንግዳ አስቀምጦ ይሄዳል። ስለዚህ የቢቸና ሰው «አንድ እግሬ» ብሎ ስም አወጣላት። ሜዳ ላይ የሚደርስባት የለም። አቀበት ሲመጣ ግን ማርሽ ቀያሪው ካምቢዮዋ ይግላል፣ ዘይቱ ይቃጠላል፣ ያን ጊዜ ያቺው አንድ እግሯም ታነክሳለች።

«ውሃ አታፈስባትም?» አሉ መሪጌታ።

«ውሃ ለሞተር ነው መሪጌታ። የእሷ በሽታ ካምቢዮዋ ላይ ነው። ዘይቱ እስኪበርድ ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ በቀር መላ አልነበረውም።» አቶ ወልደ ሰንበት እጃቸውን ዘርግተው ሀብትነሽ ጉልበት ላይ ያለውን ጆንያ መታ መታ አደረጉ። «ከዛሬ ወዲያ ግን አለው። ይቺ ትንሽ ራዲያተር ናት። ዘይቱ በቱቦ ወጥቶ በዚህች ውስጥ ይዞራል፤ ነፋስ ያገኘዋል፤ በርዶ ይመለሳል። ሞጣ እንደደረስን አካለ ወልድ ይገጥምልኛል።»

«እሰይ! ከየት አገኘሃት?»

«ከአዲስ አበባ። መርጣ ያስመጣችልኝ ደግሞ ይቺው ልጄ ናት። ስምንተኛ ክፍል ናት። የእንግሊዝን መጽሐፍ እንደ ዳዊት ነው የምትደግመው።»

«ዳዊቱንስ ትደግማለች?»

«እሱን እናቷን ይርጋነሽን ይጠይቋት» ብለው አቶ ወልደ ሰንበት ሳቁ። መሪጌታም ሳቁ። ሀብትነሽ ጥርሷን ለማሳየት ሞከረች። ፊቷ እሺ አላለም።

ጉልበቷ ላይ የተቀመጠው ዕቃ የአንድ እግሬ እንዳልሆነ ከትናንት ጀምሮ ታውቃለች። ከእሷ በቀር የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ነገሩ የተጀመረው የካቲት ላይ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ የመለዋወጫ መደብር በነጋዴ እጅ የካታሎግ ቅጠል ላከ። ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ፣ ሦስት ዓይነት ማቀዝቀዣ ተሥሎበታል። ከሥዕሉ ሥር ዓመታት የተደረደሩበት ሠንጠረዥ አለ። መኪናው የተሠራበትን ዓመት ፈልጎ ከጎኑ ያለውን ቁጥር ጽፎ መላክ ነው። ጽሑፉ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። አቶ ወልደ ሰንበት ከፈረንጆቹ ጋር ስድስት ዓመት ሲኖሩ ሰላምታውንና የመፍቻ ዓይነቶችን ለቅመዋል፤ ማንበቡ ግን አልሆነላቸውም። ለትልቁ ማቀዝቀዣ የሚበቃ ገንዘብ ስላልነበራቸውም ጊደሯን ሊሸጡ ገዢ አነጋግረው ነበር።

ሀብትነሽ የመኪናዋን ሊብሬ አወጣች። «የተሠራበት ዘመን፣ 1951» ይላል። ጣቷን በሠንጠረዡ ላይ እየጎተተች ወረደችና 1951ን አገኘችው። ከጎኑ ያለው ቁጥር የትንሹ ማቀዝቀዣ ነበር። ዋጋው የትልቁን ግማሽ አይሞላም።

«ትንሹ ነው የሚሆናት» አለች።

አባቷ ወረቀቱን እንደሚያነብ ሰው ትኩር ብለው አዩት። «እርግጠኛ ነሽ?»

«ተጽፏል እኮ አባባ።»

«ቢጻፍም ነገ ለመምህርሽ አሳዪው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እሱ ልክ ነው ካለ ነጋዴው ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል።»

በማግስቱ ወረቀቱን ደብተሯ ውስጥ ከትታ ትምህርት ቤት ሄደች። ይዛውም ተመለሰች። አላሳየችም። ከክፍሉ አንደኛ ናት፤ በእንግሊዝኛ የሚያክላት ስለሌለ ልጆቹ «ፈረንጇ» ይሏታል። ስሙን ሲጠሩት እንደ መቆጣት ትላለች እንጂ ይጥማታል። ፈረንጇ የመምህሩ ጠረጴዛ ፊት ቆማ «ይኼ ልክ ነው ወይ?» ብትል ምን ሊሏት ነው? ደግሞስ ምን የሚያጠራጥር ነገር አለው? 1951 ማለት 1951 ነው። ማታ አባቷ «አሳየሽው?» ሲሏት «አሳየሁት፤ ልክ ነው አለ» አለች። ይኸው ነው፤ ከዚያ አልበለጠም።

ጊደሯ ሳትሸጥ ቀረች። አቶ ወልደ ሰንበት ያገኙትን ሰው ሁሉ እያቆሙ «ልጄ አንብባ ግማሽ ዋጋ አተረፈችኝ» ይሉ ጀመር። በዚያው ሰሞን ለሀብትነሽ የሆነላት ነገር ግን ከጊደሯ ይበልጣል። ዘጠነኛ ክፍልን ደብረ ማርቆስ አክስቷ ዘንድ ሆና የመማሯ ጉዳይ ለወራት ሲያከራክር ቆይቶ ነበር። ዘመድ አዝማዱ «ሴት ልጅ እናቷን ጥላ ማርቆስ ምን ልትሠራ?» ይል ነበር፤ አባቷም ዝም ይሉ ነበር። ቁጥሩ በተላከ ሳምንት ግን ለእንግዳ በተሰበሰበ ሰው ፊት «የዚች ልጅ ትምህርት እንጀራ ሆኖ አየሁት። ማርቆስ ትሄዳለች፤ አለቀ» አሉ። ሀብትነሽ በዚያ ምሽት ከደስታዋ ብዛት እራቷን ሳትበላ አደረች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ሀብትነሽን አላገኛትም። የእሷው እያደር ከበደ። ዕቃው ከፋሲካ በኋላ ደረሰ። አባቷ ጆንያውን ፈተው ሲያዩት ደስ ስላላቸው፣ ለእሷ እንኳ ሳይነግሩ፣ ለመምህሩ አንድ ቅል ማር ላኩለት። መምህር ኃይለ ጊዮርጊስ ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ቢቸና የተመደበ የናዝሬት ልጅ ነው። ዓርብ ዕለት ተማሪው ሲወጣ እሷን አስቀራት።

«ሀብትነሽ፣ አባትሽ አንድ ቅል ሙሉ ማር ለምንድን ነው የላኩልኝ? ‹ስለ ዋልህልን ውለታ እግዜር ይስጥህ› ነው መልእክቱ። ምን ዋልሁላቸው?»

ሌላ ውሸት ለመፈለግ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ወረቀቱን ከደብተሯ አውጥታ ሰጠችውና ሁሉንም ነገረችው። መምህሩ ሠንጠረዡን አየ፤ ከዚያ ቀና አለ።

«ይኼ 1951 ከየት መጣ?»

«ከሊብሬው።»

«ሊብሬው በአማርኛ ነው የተጻፈው?»

«አዎ።»

«እንግዲያ በማን አቆጣጠር ነው?»

የዘመን አቆጣጠር ልዩነት አምስተኛ ክፍል የተማረችው ነገር ነው፤ ፈተና ላይ አንድ ጊዜም ተሳስታው አታውቅም። ሊብሬውን የሞላው ጸሐፊ የፈረንጁን ዓመት በእኛው አድርጎ ጽፎታል፤ የመደብሩ ሠንጠረዥ ግን በፈረንጅ ነው። አንድ እግሬ በፈረንጆቹ የ1959 ናት። መምህሩ ጣቱን ወደ ታች አውርዶ 1959 ላይ አቆመው። ከጎኑ ያለው ቁጥር የትልቁ ማቀዝቀዣ ነበር።

«እኔ ልንገራቸው?» አላት።

«አይ ጋሼ። እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«መቼ?»

«ዛሬ ማታ።»

ማታ ግን ቤቱ ሰው ሞልቶት ነበር። ጎረቤት ሁሉ ማቀዝቀዣውን በመዳፉ እየዳበሰ ያደንቅ ነበር። ጠዋት ደግሞ አባቷ «ተነሽ፣ አብረን እንሂድ። አካለ ወልድ የሚጠይቀው ነገር ካለ አንብበሽ ታስረጂዋለሽ» አሏት። ይኸው አሁን በሁለት ትላልቅ ሰዎች መካከል ተጣብቃ፣ ያልሆነውን ዕቃ ታቅፋ ወደ ሞጣ እየሄደች ነው።

ዘይቱ ሲበርድ መንገደኛው ተመልሶ ተጫነ፤ አንድ እግሬም እያቃሰተች አቀበቱን ጨረሰች። ጉንደ ወይንን አልፈው ሜዳው ላይ ሲወጡ አቶ ወልደ ሰንበት ወሬ አማራቸው።

«ሰኞ ነው ሥራ የምጀምረው መሪጌታ። የፈንጣጣ ከታቢዎቹ መኪናዬን እስከ ክረምት መግቢያ ሊኮናተሩ ተስማምተናል። ‹አቀበት ላይ የምትቆም ከሆነ ግን ይቅርብን፤ መድኃኒቱ ፀሐይ ላይ ይበላሽብናል› ብለውኛል። እኔም ‹ከቅዳሜ በኋላ አትቆምም› ብዬ ቃሌን ሰጠሁ።»

«ቃል ከሰጠህማ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» አሉ መሪጌታ።

ሀብትነሽ ጆንያውን ጨበጠች። አሁን ብናገርስ? አለች በልቧ። መንገዱ ላይ ድንጋይ እየተፈናጠረ ነው፣ አባቷ ጮክ ብለው ነው የሚያወሩት፣ መሪጌታም ጆሯቸው ቅርብ ነው። እዚህ ብትናገር በማያውቋት ሰው ፊት አባቷን ማዋረድ ይሆናል። ባትናገር ደግሞ ሞጣ እየቀረበ ነው። ትንፋሿን ስባ «አባባ» አለች።

«አቤት ልጄ።»

«ማቀዝቀዣው…»

«አትጨነቂ፣ ዕቃው ደኅና ነው። ብቻ አጥብቀሽ ያዥው።» ወደ መሪጌታ ዞረው «እንደ ልጅ አቅፋው መጣች እኮ!» አሉ።

መሪጌታ ፈገግ አሉ። «ለትምህርት ያላት ፍቅር ነው። የፈረንጅ ትምህርት ጥሩ ነው፤ አይናቅም። ፈረንጆቹ ሁሉን ነገር ቀድመውናል። ዘንድሮ ፋሲካቸው እንኳ ከእኛው በሳምንት ቀድሞ ዋለ። ዘመኑንስ ቢሆን በሰባት በስምንት ዓመት ይቀድሙን የለ?»

ሀብትነሽ ከጆንያው ቀና አለች። አባቷን በጎን አየቻቸው። ከመሪጌታ ቃል እስከ ሊብሬው አንድ እርምጃ ነው፤ አሁን ይደርሱበታል ብላ ጠበቀች። እንዲደርሱበት ፈራች፤ እንዲደርሱበትም ለመነች። ቢደርሱበት እሷ መናገር አይጠበቅባትም ነበር።

«እኛማ ምን ጎደለብን?» አሉ አቶ ወልደ ሰንበት። «ሰባት ዓመት ወጣትነት ተረፈልን እንጂ!»

ሁለቱ ሽማግሎች እስኪበቃቸው ሳቁ። ሀብትነሽ ሞጣ እስኪደርሱ ዐይኗን ከመስኮቱ አልነቀለችም።

መሪጌታ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሲደርሱ ባርከው ወረዱ። መንገደኛውም ገበያው ላይ ተበተነ። አባትና ልጅ ወደ አካለ ወልድ ጋራዥ አመሩ። ጋራዥ ይባል እንጂ በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ የተዘረጋ ቆርቆሮ ነው፤ ከሥሩ ጥቁር አፈር፣ የተቆራረጠ ጎማና አንድ መቀመጫ ድንጋይ አለ። አካለ ወልድ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ጥፍሩ ዘይት የጠጣ ሰው ነው። ከጣልያን መካኒክ ሥር በልጅነቱ ነው ሙያውን የለቀመው። ፊደል በቤተ ክህነት ቆጥሯል፤ እንግሊዝኛ አያውቅም።

ጆንያውን ፈታና ማቀዝቀዣውን በሁለት እጁ ከፍ ዝቅ እያደረገ መዘነው። ከዚያ ከአንድ እግሬ ሥር ተንፏቆ ገባና ቆይቶ ወጣ።

«ጋሽ ወልደ ሰንበት» አለ፤ «አይቆጡኝና ይቺ ትንሽ መሰለችኝ።»

«ምኗ ነው ትንሽ?»

«ካምቢዮው ብዙ ዘይት ነው የሚይዝ። የዘይቱን ቱቦ ያዩታል? የእኔን አውራ ጣት ያክላል። የዚች አፍ ደግሞ ትንሿን ጣቴን አያስገባ። ልግጠማት ብል ቱቦውን ቆርጬ በቀጭን ነው የምቀጥለው። አንዴ ከቆረጥሁት ወዲያ ደግሞ ወደ ቀድሞው አልመልሰውም። ዘይቱም እንደ ልቡ የሚያልፍ አይመስለኝም። ጭነት ይዘው አቀበት ላይ ቢወጡ ካምቢዮውን ታቃጥለው ይሆናል። እኔ እንግዲህ በዐይኔና በእጄ ነው የማውቀው።»

«አንተ በዐይንህ ነው። እኔ ግን በወረቀት ነው የመጣሁት» አሉ አቶ ወልደ ሰንበት፤ ክፉ ድምፅ አልነበረም። «ልጄ በእንግሊዝኛ አንብባ፣ በመኪናዋ ዘመን መርጣ ነው ያስመጣችው። የዩኒቨርሲቲው መምህርም አይቶ ልክ ነው ብሏል። በይ አሳዪው ሀብትነሽ።»

ወረቀቱን አውጥታ ሰጠችው። አካለ ወልድ እንዳያቆሽሸው እጁን በጨርቅ ጠርጎ ተቀበላት። ሥዕሉን አየው፤ የማያነበውን ጽሑፍ አየው። እሷንም አንዴ አያት። ዐይኑ ውስጥ ያለው ነገር አክብሮት ነው፤ ሀብትነሽ ደግሞ መከበርን የምታውቅ ልጅ ናት። ዛሬ ግን አሳፈራት።

«መምህር ካየውማ ምን አፍ አለኝ» አለ ወረቀቱን እየመለሰ። «የተማረ ይግደለኝ። እኔ ነኝ የተሳሳትሁ።»

መጋዙን ከግድግዳው ላይ አወረደና ከመኪናዋ ሥር ተመልሶ ገባ። ሀብትነሽ ቆማ ቀረች። ሰውየው አልተሳሳተም። ወረቀት ሳያነብ፣ በአውራ ጣቱ ለክቶ፣ መምህሩ በሠንጠረዥ ያገኘውን እውነት አግኝቷል። አሁን የገዛ እጁን ትቶ የእሷን ውሸት አምኖ ሊቆርጥ ነው። ከሥር የብረት ክርክር ድምፅ ተሰማ፤ መጋዙ ቦታውን እየፈለገ ነው።

«ጋሼ አካለ ወልድ፣ አይቁረጡት» አለች።

ድምፁ ቆመ። አባቷ ዞሩ። «ምን አልሽ?»

«አይቆረጥ። ዕቃው የእሷ አይደለም።» ማቀዝቀዣውን እያሳየች ቀጠለች። «1951 ብዬ የፈለግሁት በሊብሬው ነው። የሊብሬው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የካታሎጉ በፈረንጅ ነው። በእነሱ 1959 ናት። ለእሷ የሚሆናት ትልቁ ነበር። ጋሼ አካለ ወልድ ያሉት ልክ ነው።»

አካለ ወልድ ከመኪናዋ ሥር ተንፏቆ ወጣ። አቶ ወልደ ሰንበት ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ በጣታቸው ቆጠሩ። ሁለቴ ቆጠሩ። ከዚያ መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ አሳረፉ።

«ስምንት ዓመት» አሉ ቀስ ብለው። «እኔም እኮ ሊብሬውን በእጄ ይዤ አብሬሽ አየሁት። መሪጌታም ሲያወሩት ሰማሁ። ሳቅሁበት።»

«በዚህ የማይሳሳት የለም ጋሽ ወልደ ሰንበት» አለ አካለ ወልድ። «ደብረ ማርቆስም አንድ ጊዜ እንዲሁ የጎማ ነገር…»

«የማይሳሳት የለም!» አቶ ወልደ ሰንበት ድንገት ቱግ አሉ። «እኔ ብሳሳት ያልተማርሁ ነኝ። እሷ ብትሳሳት ልጅ ናት። ያ መምህር ግን ምን ይባላል? አሥራ አምስት ዓመት ተምሮ፣ ደመወዝ እየበላ፣ ይኼን ሳያይ ልክ ነው ይላል? ማሬንም ይበላል? ሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሩ ዘንድ ነው የምሄደው። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንዴ ልጆቻችንን አስተምር ብለው የላኩብን!»

ሀብትነሽ ወረቀቱን አጣጠፈች።

የማምለጫ በር ሳታስበው ተከፍቶላት ነበር። ይቅርታ የተደረገላት ያህል ነው፤ ልጅ ናት፣ ተሳስታለች፣ ደግሞም ራሷ ተናግራለች። ማርቆስም አልቀረባትም። ጥፋቱ እዚህ በሌለ ሰው ላይ አርፏል። መምህር ኃይለ ጊዮርጊስ ሰኔ ላይ አገልግሎቱን ጨርሶ ናዝሬት ይገባል፤ ቢቸና ስለ እሱ ምን እንደሚያወራ አይሰማም። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። አባቷም ሲናደዱ ብዙ ይላሉ እንጂ እስከ ሰኞ ሊረሱት ይችላሉ። ሊረሱት ይችላሉ? ባይረሱትስ? ዳይሬክተሩ መምህሩን ሲጠራው፣ መምህሩ እውነቱን ይናገራል ወይስ ለእሷ ብሎ ዝም ይላል? ዝም የሚል መሰላት። «እኔ ልንገራቸው?» ያለበት ድምፅ ትዝ አላት።

አባቷ ማቀዝቀዣውን ወደ ጆንያው እየመለሱ ነበር። እጃቸው ቸኩሎ ጆንያው አልገባላቸው አለ።

«አባባ» አለች።

«ምንድን ነው ደግሞ?»

«መምህሩ አላየውም ነበር።»

«እንዴት አላየውም?»

«አላሳየሁትም። አሳየሁት ያልሁዎት ውሸቴን ነው። ያየው ትናንት ነው፤ ‹ማሩ ለምን መጣልኝ?› ብሎ ሲጠይቀኝ። ወዲያው ነው ስህተቱን ያገኘው።»

አቶ ወልደ ሰንበት ጆንያውን ለቀቁት። ሀብትነሽ ጥፊ ጠበቀች፤ ትከሻዋን እንኳ አዘጋጅታ ነበር። አባቷ ግን ወደ መቀመጫው ድንጋይ ሄደው ቁጭ አሉ። አካለ ወልድ መጋዙን ግድግዳው ላይ ሰቀለና ሥራ እንዳለበት ሰው ወደ ጓሮ ዞረ።

«ትናንት ማታ ታውቂ ነበር» አሉ አባቷ፤ ጥያቄ አልነበረም።

«አዎ።»

«ዛሬም መንገዱን ሙሉ ታቅፈሽው ስትመጪ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር። ልነግርዎት ብዬ ነበር። ከነገርሁዎት ማርቆስ ይቀራል ብዬ ፈራሁ።»

አባቷ ወደ አንድ እግሬ ተመለከቱ። ከገበያው የበግ ጩኸት ይሰማል። ሀብትነሽ እንባዋ መጥቶ ነበር፤ ግን ያለቀሰች እንደሆነ ያባብሉኛል ብላ ፈርታ ዋጠችው።

«ለከታቢዎቹ ሰኞ አትደርስላችሁም እላቸዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው የደከመ ነበር። «ከጠበቁኝ ጠበቁኝ። ካልጠበቁኝም የሰጠሁት ቃል የእኔ ነው፤ ምን አደርጋለሁ። ጊደሯም ትሸጣለች። ነጋዴው ይቺን መልሶ ትልቁን ያመጣ እንደሆነ እንጠይቀዋለን።» ስለ ማርቆስ አንድ ቃል አልተናገሩም። ሀብትነሽም አልጠየቀችም። መጠየቅ የምትችልበት ቀን ዛሬ እንዳልሆነ ገብቷታል።

አቶ ወልደ ሰንበት እጃቸውን ዘረጉ። «ያቺን ወረቀት አምጫት።»

ሰጠቻቸው። ድንጋዩ ላይ ቦታ ለቀቁላትና ጠቆሟት፤ ተቀመጠች። ወረቀቱን በሁለታቸው ጉልበት ላይ ዘረጉት።

«አንብቢልኝ። የዓመቱን ብቻ አይደለም፤ ከላይ ጀምረሽ፣ ያለውን ሁሉ።»

ማንበብ ጀመረች። የመጀመሪያውን መስመር በአማርኛ አስረዳቻቸው። ሁለተኛውንም አስረዳቻቸው። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ አንድ ረጅም ቃል አጋጠማት። የካቲት ላይም አጋጥሟት ነበር፤ ያን ጊዜ ዐይኗ ላዩ ላይ ሳያርፍ ነው ያለፈው። አባቷ እየጠበቋት ነው። የሆነ ነገር ብትላቸው ያምኗት እንደሆነ አላወቀችም፤ ልትሞክረውም አልፈለገችም።

«ይኼን አላውቀውም» አለች።

አቶ ወልደ ሰንበት ቀና ብለው አዩዋት። ከኪሳቸው የእርሳስ ቁራጭ አወጡና በመዳፏ ላይ አስቀመጡላት።

«ሌላስ የማታውቂው አለ?»

ሀብትነሽ ወረቀቱን ወደ ራሷ አስጠጋችው። ከረጅሙ ቃል ሥር አሰመረች። ከዚያ ወደሚቀጥለው ወረደች፤ ከእሱም ሥር አሰመረች። ካሰበችው በላይ ብዙ ነበሩ።